ደረጃዬ አይፈቅድም

በዚያ ዘመን ሰው እስር ቤት የሚገባው ተይዞ ነበር። ቤቱ ተከቦ፣ በሩ ተደብድቦ፣ አንዳንዱም ከአውቶቡስ ተጎትቶ ወርዶ። እኔ ግን ታጥቤ፣ ጢሜን ተላጭቼ፣ ለሠርግ ያስቀመጥኩትን ሸሚዝ ለብሼ፣ ጫማዬን አስጠርጌ በገዛ እግሬ ሄድኩ። የቀበሌው በር ላይ የቆመው አብዮት ጠባቂ "ምን ፈለግህ?" ሲለኝ "መግባት" አልኩት። እንዳልኩትም ገባሁ። ስለ መውጣት ግን ማንም አልጠየቀኝም።

የሄድኩት የድጋፍ ደብዳቤ ለማጻፍ ነበር፤ ነርሲንግ ትምህርት ቤት ለመግባት። ይህን ለዛሬ ልጆች ስነግራቸው አይገባቸውም። እዚህ ልደታ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ የሆነች ልጅ ነርሲንግ በዲግሪ ትማራለች፤ ስጨርስ ማስተርሱን እቀጥላለሁ ትላለች። ማንንም ለምና የገባች አይመስለኝም። በእኛ ጊዜ ግን ነገሩ መሰላል ነበር። ከታች ድሬሰር አለ፤ ቁስል ያጥባል፣ ይጠቀልላል። ከሱ ከፍ ብሎ ጤና ረዳት አለ፤ ከአስረኛ ክፍል ወጥቶ ይሰለጥንና መርፌ እየወጋ፣ ኪኒን እያደለ ገጠር ይከርማል። እኔ ያ ነኝ። ከዚያ በላይ ነርስ ነው፤ አስራ ሁለተኛን ጨርሶ፣ ማትሪክ አልፎ፣ ሦስት ዓመት ተምሮ ዲፕሎማ የያዘ። ውጭ አገር ተምረው በዲግሪ የመጡ ሲስተሮችም አሉ ይባል ነበር። ዲግሪውን በዓይኔ ያየሁት ግን ካረጀሁ በኋላ ነው፤ እሱንም በሌላ ሰው ግድግዳ ላይ።

ችግሩ፣ ከጤና ረዳት ወደ ነርስ የሚያወጣው የመሰላሉ መርገጫ ተነቅሎ የተወሰደ ይመስል ነበር። ገጠር ከርሜ ተመለስኩ። ቀን ክሊኒክ እየሠራሁ ማታ ተማርኩ። ማትሪክን ደጋግሜ ወደቅኩና በመጨረሻ አለፍኩ፤ የጣለኝ ሒሳብ ነው፣ እስከ ዛሬም አልታረቅንም። ውጤቴን ይዤ ስሄድ መሥሪያ ቤቴ "መጀመሪያ የቀበሌህን ድጋፍ አምጣ" አለኝ። ቀበሌ ስሄድ "መጀመሪያ የመሥሪያ ቤትህን ድጋፍ አምጣ" ተባልኩ። ተመልሼ ይህንኑ ስናገር፣ የውይይት ክበብ ላይ ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ ተጠየቅኩ። ክበቡ ውስጥ ሁልጊዜ ከኋላ ተቀምጬ እንቅልፌን ነበር የምተኛው። በሚቀጥለው ሰሞን ከፊት ተቀምጬ መናገር ጀመርኩ፤ ያኔ ደግሞ "ይሄ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው እንዲህ የሚናገረው" ተብሎ ተጠረጠርኩ። የምዝገባው ጊዜ አለፈ።

በዓመቱ የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ወይ አዘኑልኝ ወይ ሰለቹኝ፣ ፈረሙልኝ። የቀረው የቀበሌው ማህተም ብቻ ነበር። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል፤ ሊቀመንበሩ ማህተም የሚመታው ረቡዕ ነው። ስለዚህ ረቡዕ ሄድኩ።

እስከዚህ ድረስ ሞኝነት የለም። ሞኝነቱ ቦርሳው ነው።

ሊቀመንበሩን አውቀዋለሁ። ከአብነት ሠፈር ወደ ላይ ስንወጣ ባለው መንደር ጎረቤታሞች ነበርን፤ ታሞ በተኛ ጊዜ ቤቱ ድረስ እየሄድኩ ፔኒሲሊን ወግቼዋለሁ። አብዮቱን በክንዱ ታቅፎ የሚዞር ሰው፣ ለመርፌ በሆዱ ሲተኛ ትራሱን ይነክስ ነበር። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ "ዶክተር፣ እንዴት ነህ?" ይለኛል። በሠፈራችን ነጭ ጋውን የለበሰ ወንድ ሁሉ ዶክተር ነው፣ ሴት ሁሉ ሲስተር ናት። ልማዱ ማንንም አልጎዳም፤ እኔን ግን አበላሸኝ። ዶክተር በተባልኩ ቁጥር አንገቴ በጣት ያህል ይረዝማል።

እና ያን ቀን ሊቀመንበሩ ዘንድ ባዶ እጄን ብቀርብ ማንነቴን ይረሳዋል ብዬ ሰጋሁ። የክሊኒኩን ቦርሳ ተዋስኩ። ጎዝ፣ ፋሻ፣ አዮዲን፣ መቀስ ጨመርኩበት። ቦርሳው ሲከፈት የሚያብረቀርቅ ነገር ይኑረው ብዬ ደግሞ የቁስል መስፊያውን፣ ቆልማማ መርፌውንና የመርፌውን መቆንጠጫ ከነክሩ ከላይ አስቀመጥኩ። እኔ በሕይወቴ አንድም ቁስል ሰፍቼ አላውቅም። በክሊኒካችን የምትሰፋው ነርሷ ናት፤ እኔ መብራት እይዛለሁ።

በር ላይ ያለው አብዮት ጠባቂ ቦርሳውን ከፈተው። መርፌውን አነሳና በፀሐይ አየው።

"ይሄ ለማን ነው?"

"ለቁስለኛ" አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

"የት ላለ ቁስለኛ?"

"የትም ላለ።"

በዚያ ሰሞን ሌሊት ሌሊት ተኩስ ነበር። የተመቱ ሰዎች ሆስፒታል መሄድ ስለማይችሉ በየቤቱ ተደብቀው ይታከማሉ ይባላል፤ አካሚዎቻቸውም ከነሱ እኩል ይፈለጋሉ። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። እስካሁን የሚያናድደኝ ማወቄ ነው።

የታሰርንበት ቤት ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ የበርበሬ መጋዘን ነበር። ጆንያዎቹ ከሄዱ ቆይተዋል፤ በርበሬው ግን ወለሉ ስንጥቅ ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ፣ ጣሪያው ሸረሪት ድር ላይ ቀርቷል። አዲስ የገባ ሰው ከሰላምታ በፊት ያስነጥሳል። ውስጥ ያሉት በአንድ ድምፅ "ይማርህ" ይሉታል። ሌላ የሚምር ስላልነበረ እርስ በርስ እንማማር ነበር። መጋዘኑ መሃሉ ላይ በኮምፔንሳቶ ተከፍሏል፤ ከወዲያ ሴቶች፣ ከወዲህ ወንዶች። ኮምፔንሳቶው ስስ ነው፤ ከወዲያ በኩል ሰው ሲያንጎራጉር፣ ሲያስል፣ ልብሱን ሲያራግፍ ሁሉ ይሰማል።

አስነጥሼ ስጨርስ አጠገቤ ያለው ሰው ጠጋ አለልኝ። የአብነት ጫማ ሰሪ ነው፤ ለምን እንደታሰረ ሲጠየቅ ሁልጊዜ ሌላ ምክንያት ይናገራል።

"አንተስ ምን አድርገህ መጣህ?"

"ደብዳቤ ላጽፍ።"

ይህን ሲሰሙ ሳቁ። አንዱ ለሌላው እየነገረ ከጥግ እስከ ጥግ ሳቁ፤ ሳቁ ደግሞ በርበሬውን ቀሰቀሰውና ሁሉም ያስነጥሱ ጀመር። እኔ ቁና ቁና እየተነፈስኩ ዓርብን አስብ ነበር። ስህተቱ ዛሬ ከታወቀ ነገ እወጣለሁ፤ ነገ ካልሆነ ዓርብ ጠዋት። ዓርብ ከሰዓት ግን አይሆንም፤ ዓርብ ከሰዓት ማለት ሌላ ዓመት ማለት ነው።

ያልሳቀ አንድ ሰው ነበር። ግድግዳው ሥር የተኛ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ የአንደኛ ደረጃ መምህር። ያን ጠዋት ከምርመራ መልሰው ነው ያስቀመጡት። እግሮቹ በገዛ ሸሚዙ ተጠቅልለዋል። ሲወድቅ ይሁን ሲጥሉት የጠረጴዛ ጠርዝ መትቶት ቅንድቡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከፍቷል። ደሙ ዓይኑ ላይ እየወረደ ነው፤ በመሐረብ ይዞታል፣ መሐረቡ ግን ጠግቧል። ወለሉ ላይ ያለው በርበሬ ቁስሉ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ጠየቅኩት። "ገብቷል መሰለኝ" አለ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚናገር ሁሉ።

እኩለ ቀን ሳይሆን በሩ ተከፈተና ሊቀመንበሩ ራሱ መጣ። መምህሩን አየ። ፊቱን አጨማደደ። ከቀበሌው በላይ ያለው ጽሕፈት ቤት፣ ከፍተኛ የምንለው፣ ሰውዬውን በነገታው ይረከባል፤ እንዲህ ደም እየፈሰሰው ግን አይቀበሉትም። እኔን ሲያይ ትንሽ ደነገጠ። እንዴት እዚህ እንደተገኘሁ አልጠየቀኝም፤ ስለ ፔኒሲሊኑም አላነሳም። ቦርሳዬን አስመጣና እግሬ ሥር አስቀመጠው።

"ዶክተር፣ አሳምረው" አለኝና ሄደ።

በጣሳ ውሃና ቁራጭ ሳሙና ተሰጠኝ። እኔ ያሰብኩት ጎዝ አድርጌ፣ ፋሻ ጠቅልዬ መገላገል ነው። መሐረቡን ሳነሳው ግን ደሙ እንደገና ወረደ። ጎዝ አደረግኩ፣ ራሰ። ሌላ ጨመርኩ፤ "እሱም ራሰ" አልኩ ለራሴ። በዚህ መሀል ከኮምፔንሳቶው ወዲያ የሴት ድምፅ መጣ፤ ዝግ ያለ፣ የማይቸኩል ድምፅ።

"ፋሻ አይዘውም። ይሰፋል።"

ጫማ ሰሪው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ሲስተር መሆኗን፣ ነርሶችን የምታስተምር መሆኗን፣ የታሰረችውም ወንድሟ ሲፈለግ ስለታጣ በሱ ፈንታ መሆኑን ነገረኝ። የምታስተምርበትን ትምህርት ቤት ሲነግረኝ ጎዙን ከእጄ ልጥለው ምንም አልቀረኝም። ልገባበት ዓመታት ደጅ የጠናሁበት ትምህርት ቤት ነው። አስተማሪዋ እዚህ ናት፣ ተማሪው እዚህ ነኝ፣ ማህተሙ ግቢ ውስጥ ነው። የጎደለው ነፃነት ብቻ ነበር።

"ሲስተር፣ እኔ ጤና ረዳት ነኝ" አልኩ ወደ ኮምፔንሳቶው።

"ስንት ጊዜ ሰፍተሃል?"

"ሰፍቼ አላውቅም።"

"ጥሩ ነው። መጥፎ ልማድ የለህም ማለት ነው። እጅህን ታጠብ።"

ታጠብኩ። እንደገና ታጠብ አለችኝ። ከውሃው ድምፅ እንዴት እንደለየችው አላውቅም፣ ጣቶቼ መሀል እንዳልታጠብኩ አወቀች። ቁስሉን ከመሃል ወደ ውጭ እንዳጥብ፣ በርበሬውን አጥቤ እስክጨርስ አዮዲን እንዳልነካው፣ አዮዲኑንም ዙሪያውን እንጂ ውስጡን እንዳልቀባ ነገረችኝ። ጫማ ሰሪው የመምህሩን ራስ በሁለት እጁ ያዘ። ሌላ ሰው በበሩ ሥር የሚገባውን ብርሃን የጋረዱትን ሁሉ ገለል አደረገ። እኔ ዘመኔን ሙሉ መብራት ስይዝ የኖርኩት፣ ያን ቀን የሚይዝልኝ ሌላ ሰው አገኘሁ።

መርፌውን በመቆንጠጫው ስይዘው እጄ እንደ ወፍጮ ይንቀጠቀጥ ነበር። ማደንዘዣ የለም። መምህሩ ከሥር በአንድ ዓይኑ አየኝ።

"አይዞህ ልጄ። እኔም የመጀመሪያ ቀን ጠመኔው እንዲህ ይንቀጠቀጥብኝ ነበር።"

ሲስተር ከወዲያ ትመራኛለች። መርፌውን ቀጥ አድርገህ አስገባው፤ በገባበት ርቀት ልክ ከወዲያ አውጣው፤ ቋጠሮው ቁስሉ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ይዋል። የመጀመሪያውን ሳስር ጠበቅ አድርጌ ጎተትኩት መሰለኝ፣ መምህሩ በጥርሱ አየር ሳበ።

"ምን አደረግህ?" አለች ወዲያው።

"አሰርኩት።"

"አቀራርበው እንጂ አታንቀው። ቆዳ ነው፣ ጆንያ አይደለም።"

ጫማ ሰሪው ራሱን እየነቀነቀ፣ በዚህ አያያዝ እኔ ሶል ብሰፋ አብነት ውስጥ አንድ ደንበኛ አይቀርልኝም ነበር አለ። መምህሩ ሊስቅ ሲል ቅንድቡ ተንቀሳቀሰና አራተኛው ስፌት ጠመመብኝ። እስከ ዛሬ ጥፋቱ የጫማ ሰሪው ነው ብዬ አምናለሁ።

ደሙ ቆመ። ላቤን በእጅጌዬ ስጠርግ፣ የሠርግ ሸሚዜ አዮዲንና ደም መሆኑን አየሁ።

"ስንት ሆነ?" አለች ሲስተር።

"አራት።"

"እኩል ናቸው?"

"ሦስቱ እኩል ናቸው።"

"እሺ። ክሩን በሳምንቱ ታወጣለህ። ስታወጣ እንዴት እንደጠገገ ትነግረኛለህ። ተማሪ ሥራውን ጨርሶ ሪፖርት ሳያደርግ ከዋርድ አይወጣም።"

ተማሪ አለችኝ። ዶክተር ሲሉኝ የሚረዝመው አንገቴ፣ በዚያች ቃል ሳይረዝም ቀረ፤ ጎንበስ ብዬ መርፌውን በቀረው ውሃ አጠብኩ።

ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ ቢሮው አስጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ተቀምጧል። አንዱ የድጋፍ ደብዳቤዬ ነው፤ ስሜ በታይፕ ተመትቶበታል፣ ማህተሙ ብቻ ይቀራል፤ ማህተሙም እዚያው አጠገቡ ክዳኑ ተከፍቶ አለ። ሌላው አጭር ወረቀት ነው። መምህሩን እንደመረመርኩት፣ በአካሉ ላይ ምንም ጉዳት እንደሌለና በሙሉ ጤንነት ላይ እንደሚገኝ እንዳረጋገጥኩ ይላል። ሥሩ ላይ የጤና ባለሙያው ስምና ፊርማ።

ሊቀመንበሩ በቀስታ አስረዳኝ። ከፍተኛዎቹ ከዚህ በፊት የተረከቧቸው ሰዎች እዚያ እንደደረሱ እየታመሙባቸው ቅር ተሰኝተዋል፤ ስለዚህ ወረቀት ይፈልጋሉ። የቦርሳዬ ነገር ስህተት እንደሆነ እሱ ያውቃል። አሁን ከእስር ተፈትቼ፣ እንደ ነፃ ሰው እፈርማለሁ፤ እሱ ደግሞ ማህተሙን ይመታልኛል። ዓርብ ሳይደርስ ትምህርት ቤቱ እደርሳለሁ።

"በቃ፣ እዚህ ጋ ብቻ ነው ዶክተር" አለና እስክሪብቶውን አቀበለኝ።

ያዝኩት። አልዋሽም፣ ያዝኩት። እስክሪብቶው ጥሩ ነበር፣ ከባድ። የመምህሩ እግር ታየኝ፤ በሸሚዙ እንደተጠቀለለ። በዚህ ወረቀት እዚህ ምንም እንዳልነካው ተቆጥሮ፣ ጤነኛ ነው ተብሎ ከፍተኛ ላይ እንደገና ለምርመራ ይሰጣል። እሱን የሚመልሰው የለም።

ጀግና ቢሆን "አልፈርምም" ይላል። እኔ ጀግና አይደለሁም። እንደ እኔ ያለ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዓመታት ሙሉ በየመስኮቱ ሲሉኝ የኖሩትን።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ዶክተር አይደለሁም።"

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያልኩት። እሱም ገርሞት ፈገግ አለ። "እሱንማ እናውቃለን።"

"ጤና ረዳት ነኝ። ጤና ረዳት ሰውን ጤነኛ ነው ብሎ መፈረም አይችልም። ደረጃዬ አይፈቅድም።"

"ማን ይጠይቅሃል?"

"እኔንማ ማንም አይጠይቀኝም። እርስዎን ነው የሚጠይቁት። ከፍተኛ ያለ ሰው ማዕረጌን አንብቦ 'በጤና ረዳት ነው እንዴ የምታስመረምሩት' ቢል፣ ወረቀቱ በእርስዎ ላይ ይመለሳል። ለእርስዎ አስቤ ነው።"

ቅንድቡን ቋጠረ። "እሺ፣ ነርስ ብለህ ጻፍ።"

አሁን መሰላሉን ከሥሩ ጀምሬ ነገርኩት። ድሬሰር ያጥባል። ጤና ረዳት ይወጋል፣ ኪኒን ያድላል። ነርስ ትሰፋለች፣ ታስታምማለች፤ እሷም ብትሆን ጤንነት አታረጋግጥም፣ የሐኪም ሥራ ነው። እኔ ነርስ ብዬ ለመጻፍ እንኳ አስራ ሁለተኛ መጨረስ አለብኝ፣ ጨርሻለሁ፤ ማትሪክ ማለፍ አለብኝ፣ አልፌያለሁ፤ ከዚያ ሦስት ዓመት መማር አለብኝ፤ ለመማር ደግሞ ይቺ ደብዳቤ ማህተም ያስፈልጋታል። ደብዳቤዋን ለማግኘት ይህን መፈረም አለብኝ፤ ይህን ለመፈረም ደብዳቤዋን ማግኘት አለብኝ። አግኝቼም ሦስት ዓመት ይጠብቁኛል።

እየተናገርኩ ሳለ የራሴ ድምፅ እየገረመኝ ሄደ። በየቢሮው መስኮት ሲመልሱኝ የኖሩት ሰዎች ድምፅ ነው። ያ ሁሉ "አይቻልም"፣ ያ ሁሉ "መጀመሪያ ያንን አምጣ"፣ ተጠራቅሞ ሆዴ ውስጥ ኖሯል።

ሊቀመንበሩ ሰልችቶት ይሁን ገብቶት ለረዥም ጊዜ አየኝ። እንደገባው አሁን አውቃለሁ። ከዚያ ማህተሙን ወደ ቆርቆሮው መለሰ፣ ክዳኑን ዘጋ።

"ጎበዝ" አለኝ። "ደረጃህን የምታውቅ ሰው ነህ። እዚያው ደረጃህ ላይ ትቆያለህ።"

በነገታው የከፍተኛ መኪና መጣ፤ የመምህሩን ወረቀት ጠየቁ፤ ወረቀት የለም። ሐኪም መጥቶ ይየው አሉና ሌላ እስረኛ ጭነው ሄዱ። ሐኪም አልመጣም። መምህሩ እዚያው በርበሬ ውስጥ፣ ከእኛ ጋር ቀረ።

ዓርብ ዋለ። ከልደታ ማርያም ደወል ሲሰማ፣ አሁን መዝገቡን እየዘጉት ነው፣ አሁን ጠረጴዛውን እያነሱት ነው እያልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ፣ ነፍሴን አስጨነቅኳት። ተቆጥቼ የነበረው በሊቀመንበሩ ብቻ አይደለም። በሒሳብ ተቆጣሁ፣ በቦርሳው ተቆጣሁ፣ ቅንድቡን ባስቀደደው መምህር እንኳ ተቆጣሁ። ጫማ ሰሪው አንድ ቃል ቢናገረኝ ልጣላው ተዘጋጅቼ ነበር፤ ብልህ ሰው ነውና ዝም አለ።

የተናገረችው ሲስተር ናት።

"ተማሪ፣ ዛሬ አይደል የሚዘጋው?"

"ዛሬ ነው።"

"እንግዲያው ልጠይቅህ። የመግቢያው ቃለ መጠይቅ ላይ እኔም እቀመጥ ነበር። ለምን ነርስ መሆን ፈለግህ?"

ለዚህ ጥያቄ ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ። ለሰፊው ሕዝብ ጤና ያለኝን ቁርጠኝነት፣ የገጠሩን ጭቁን ወገን፣ የጤና ባለሙያ በአዲሱ ኅብረተሰብ ውስጥ ያለውን ድርሻ ዘረዘርኩ። የውይይት ክበቡ ፍሬ ነው።

"እሱን ለኮሚቴው አስቀምጠው" አለች። "ለምን?"

አሰብኩ። ሁሉም ጆሮውን አቁሟል።

"መብራት መያዝ ሰለቸኝ፣ ሲስተር።"

ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቋን ሰማሁት። አጭር ሳቅ ነው፣ በአፍንጫ የሚወጣ። ከዚያ ድምፅዋን አስተካክላ "አልፈሃል" አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ የምልክህ ትምህርት ቤት ግን የለኝም አለች።

ክሩ የሚወጣበት ቀን ሲደርስ ጫማ ሰሪው ከየት እንደደበቀው ያልነገረኝን ምላጭ አመጣ። እንዳስተማረችኝ እጄን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ። ክሩን እየቆረጥኩ ሳወጣ መምህሩ አንድም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም። ስጨርስ ወደ ኮምፔንሳቶው ዞሬ ተጣራሁ። የመለሰችልኝ ሌላ ሴት ናት። ሲስተርን ጎህ ሲቀድ በመኪና እንደወሰዷት፣ ወዴት እንደሆነ እንዳልተነገራቸው ነገረችኝ።

እኔ ክረምቱ ሲጋመስ፣ እንደገባሁት ያለ ምክንያት ተለቀቅኩ። ቦርሳውን መለሱልኝ፤ ክሊኒኩም ከዚያ ወዲህ ቦርሳ አውሶኝ አያውቅም። ነርሲንግ ትምህርት ቤት የገባሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፣ ሕጉ ሦስት ጊዜ ከተለወጠ፣ ሊቀመንበሩም ከተለወጠ በኋላ። የክፍል ጓደኞቼ "አባባ" ይሉኝ ነበር። ዲፕሎማዬን ይዤ ሠራሁ፤ ብዙ ሰውም ሰፋሁ። አገር ውስጥ ዲግሪ መሰጠት ሲጀምር ደግሞ ቀደም ብዬ ተሰለፍኩ። በመስኮቱ ያለችው ልጅ የትውልድ ዘመኔን አይታ፣ አባቴ ዕድሜዎ አልፏል አለችኝ። በአክብሮት ነው ያለችኝ፤ እሱም ያናድዳል።

መምህሩ ተፈትቶ ወደ ማስተማሩ ተመለሰ። አርጅቶ፣ በአልጋው ላይ፣ ልጆቹ መሀል ሞተ። ለቅሶ የደረስኩ ቀን ትልቁን ፎቶግራፉን ግድግዳው ላይ ሰቅለውት አየሁ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሲያለቅስ፣ እኔ መነጽሬን አድርጌ ቅንድቡን እመረምር ነበር። ልጁ አይታኝ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ የድሮ ሥራ ነው አልኳት።

የሲስተርን ፊት አይቼ አላውቅም። ስሟንም አልጠየቅኳትም፤ በዚያ ዘመን ስም ያልጠየቀ ሰው፣ ቢገርፉትም የሚናገረው ስም ስለማይኖረው ነው። የማውቀው ድምፅዋን ነው። በሠራሁባቸው ሆስፒታሎች ሁሉ አንዲት አዛውንት ሲስተር ከኋላዬ ስትናገር ዞሬ አያለሁ። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ጤና ጣቢያ ተራ ስጠብቅ ጆሮዬ አያርፍም። ያረጁ የነርሲንግ አስተማሪዎችን እየፈለግኩ ጠይቄያለሁ፤ አንዳንዶቹ ውጭ ሄዳለች ይላሉ፣ አንዳንዶቹ ዝም ይላሉ።

እና ያልከፈልኩት ዕዳ አለብኝ። ትንሽ ነው፣ ከደቂቃ በላይ አይወስድም። ቁስሉ መግል አልያዘም። በጊዜው ጠግጓል፣ ክሩም ሳይበጠስ ወጥቷል። ሦስቱ እኩል ናቸው፤ አራተኛው እንደጠመመ ቀርቷል። ይህን ልነግርሽ አጥቼሽ፣ ሲስተር፣ አሁንም ከዋርድ አልወጣሁም።